«ደህና ነኝ» ብለውኝ ነበር፦ በሃሪኬን ወቅት ወዳጅን ስለ መጠየቅ

ጥያቄ

«ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር በሂዩስተን ደቡብ ምዕራብ እኖራለሁ። ከሚኒሶታ ወደዚህ የተዛወርነው ለሥራ ሲሆን፣ ስለ ሃሪኬን፣ ማለትም ከባሕር ስለሚነሣው ኃይለኛ አውሎ ነፋስ፣ የማውቀው በቴሌቪዥን ያየሁትን ብቻ ነበር። በ2024 ቤሪል የተባለው ሃሪኬን በመታን ጊዜ፣ በጽዋ ማኅበራችን ውስጥ ላሉና እንደ ታላቅ እህቴ ለማያቸው እትዬ በስልክ ‘ደህና ነዎት?’ ብዬ ጻፍኩላቸው። ‘ተመስገን፣ ደህና ነኝ፤ ልጆቹስ?’ ብለው መለሱልኝ፤ እኔም አምኜ ተውኩት። እትዬ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። ከቀናት በኋላ ሌላ የማኅበራችን አባል ሄዶ ቢያንኳኳ፣ መብራት በጠፋበት ቤት ሙቀቱ አዳክሟቸው፣ ኢንሱሊኑ ተበላሽቶ ይሆናል ብለው መውጋት ትተው አገኛቸው። አንድም ቀን አልወቀሱኝም፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ስደውልላቸው መልሳቸው አጭር ሆኗል። በቅርቡ በዲቪ የመጣች፣ ጨቅላ የያዘችና ባሏ ሌሊት ኡበር የሚነዳ ጓደኛም አለችኝ። በዚያው ሰሞን ሜሪላንድ ያለችው እህቴና አዲስ አበባ ያለችው እናቴ እየተፈራረቁ ሲደውሉ የስልኬ ባትሪ አለቀ። አሁን ወቅቱ ሲቃረብ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ፤ ምን ላዘጋጅ? ወዳጆቼን ሳላሰለች እንዴት ልጠይቅ? የእትዬንስ ፊት እንዴት ልይ?»

መልስ

ውድ ጠያቂያችን፣

ከሦስቱ ጥያቄዎችዎ የመጀመሪያው፣ ማለትም ምን ገዝቶ ምን አዘጋጅቶ መጠበቅ እንደሚገባ፣ መልሱ በብዙ ቦታ ተጽፎ የሚገኝ በመሆኑ ትንሽ ላቆየውና በሁለተኛው ልጀምር። ለእትዬ መልእክት መላክዎ በጎ ነበር፤ ጉድለቱ ምንም ነገር አስቀድማችሁ ሳትስማሙ የተላከ መሆኑ ነው። በሃሪኬን ጊዜ ወዳጅን መጠየቅ ነፋሱ ከመነሣቱ ከሳምንታት በፊት የሚጀመር ሥራ ነው። ማን ለማን እንደሚደውል፣ በስንት ሰዓት እንደሚደውል፣ መልስ ሲጠፋ ማን ተነሥቶ እንደሚሄድና የቤቱ ቁልፍ ማን ዘንድ እንደሚገኝ በደህናው ቀን ካልተነጋገራችሁ፣ በክፉው ቀን ሰላምታ ከመለዋወጥ ያለፈ ነገር ማድረግ ያስቸግራል።

ሰላምታ ደግሞ በእኛ ዘንድ የራሱ ሥርዓት አለው። «ደህና ነዎት?» የተባለ ሰው፣ በተለይም ዕድሜው የገፋና ሰው ማስቸገር የማይወድ ከሆነ፣ ከምስጋና ሌላ የሚመልሰው የለውም፤ ታሞ የተኛ እንኳ አስቀድሞ ያመሰግናል፣ ቀጥሎ የጠያቂውን ልጆች ደህንነት ይጠይቃል፣ የራሱን ነገር የሚያነሣው ከተጎተጎተ በኋላ ነው። እትዬ አልዋሹዎትም፤ ለተጠየቁት ጥያቄ ያደጉበትን መልስ ሰጡ። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ጊዜ «ተመስገን» ተብሎ ሊታለፍ የማይችል ጥያቄ መምረጥ ያስፈልጋል። መብራት አለ ወይስ የለም? ከጠፋ ከመቼ ጀምሮ ነው? ትናንት ማታ አልጋዎ ላይ ተኙ ወይስ መስኮት ሥር? ዛሬ ምን በሉ? ስኳርዎን ለክተው ስንት ሆነ? ኢንሱሊኑ አሁን የት ተቀምጧል? የስልክዎ ባትሪ ስንት ፐርሰንት ቀረው? እነዚህ ጥያቄዎች ቁጥር ወይም ቦታ ወይም የምግብ ስም ስለሚጠይቁ፣ መልሱ ሲያመነታ ወዲያውኑ ይታወቃል። ምርመራ እንዳይመስልባቸው ከሠጉ «ዛሬ እንደ ነርስ ነው የምጠይቅዎ፣ ይታገሡኝ» ብለው ቀለል አድርገው ይጀምሩ፤ እትዬ ስቀው የሚመልሱ ይመስለኛል።

መስመሩ የሚሠራ ከሆነ ከጽሑፍ ይልቅ ድምፃቸውን መስማት ይሻላል። ሙቀት የጎዳው ሰው ስልክ ላይ «ደህና ነኝ» ብሎ ሊጽፍ ይችላል፤ ሲናገር ግን ቃሉ ይጎተታል፣ ዕለቱን ያምታታል፣ የተናገረውን ይደግማል። አንድ ሰው ግራ ከተጋባ፣ ሰውነቱ ከተቃጠለ ወይም ራሱን ከሳተ ጉዳዩ ከጓደኛ እጅ ወጥቷል፤ 911 መደወል ያስፈልጋል።

የማኅበራችሁ የቴሌግራም ወይም የዋትስአፕ ቡድን ለዚህ ሥራ አይመችም። ብዙ ሰው ባለበት ቡድን «ሁላችሁም ደህና ናችሁ?» ተብሎ ሲጻፍ የጸሎት እጆችና የልብ ሥዕሎች ይዘንባሉ፤ ዝም ያለውን ሰው የሚቆጥር ግን አይገኝም። ከዚያ ይልቅ ማኅበሩ ከወቅቱ በፊት በሚሰበሰብበት አንድ ቀን አባላቱን በስም እየጠራ ሁለት ሁለት ወይም ሦስት ሦስት ቤት አድርጎ ቢያጣምር ይበጃል። በቅድሚያ የሚጣመሩት ብቻቸውን የሚኖሩ፣ መድኃኒት የማይለያቸው፣ ነፍሰ ጡሮች፣ ጨቅላ የያዙና ከመጡ ዓመት ያልሞላቸው ሰዎች ናቸው። ዕድር ያለው ሕዝብ ይህን ሥርዓት እንደ አዲስ መማር የሚያስፈልገው አይመስለኝም፤ ለለቅሶ ማን ድንኳን እንደሚተክል የሚያውቅ ማኅበር ለአውሎ ነፋስ ማን በር እንደሚያንኳኳ መወሰን አያቅተውም።

ለእያንዳንዱ ጥምር ሁለት የመደወያ ሰዓት በቂ ነው፤ አንዱ ጠዋት፣ አንዱ ማታ። እዚህ ላይ ትንሽ የሚመስል ነገር ግን ሰው የሚያሳስት ጉዳይ አለ፤ «ሁለት ሰዓት ላይ እደውላለሁ» ሲሉ ለእትዬ ሁለት ሰዓት ማለት የማለዳው ሁለት ሰዓት ነው፣ እዚህ ላደገ ልጅ ደግሞ ከቀትር በኋላ ነው። በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ቁርጥ አድርጋችሁ ወረቀት ላይ ጻፉትና ፍሪጁ በር ላይ ለጥፉት። ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ከታለፈ ክርክር ሳያስፈልግ መንገዱ እንደ ተከፈተ ሰው ይሄዳል። የሚሄደው ሰው ማን እንደሆነ፣ ቁልፉ ማን ዘንድ እንዳለ፣ የአፓርታማው ኃላፊ ስልክ ስንት እንደሆነ አስቀድሞ ይታወቅ። መንገዱ በውሃ ከተዘጋና ማንም መድረስ ካልቻለ፣ ፖሊስ ሄዶ ሰውየው በደህና መኖሩን እንዲያይ መጠየቅ ይቻላል፤ ይህን ማድረግ ነውር አይደለም።

የእህትዎንና የእናትዎን ነገር በተመለከተ፣ የሜሪላንዷ እህትዎ በአግባቡ ከተጠቀሙባት ትልቅ ሀብት ናት። እሷ ዘንድ መብራትም ኢንተርኔትም አለ፤ ስለዚህ የሁላችሁ ወሬ ወደ እሷ ይግባና ከእሷ ወደ አዲስ አበባ ይውጣ። እርስዎ በቀን ሁለት ጊዜ አንዲት አጭር ጽሑፍ ይልኩላታል፤ እናትዎን የምታረጋጋውም፣ ለሚጠይቅ ዘመድ ሁሉ የምትመልሰውም እሷ ትሆናለች። በአዲስ አበባና በሂዩስተን መካከል በዚያ ወቅት የስምንት ሰዓት ልዩነት ስላለ፣ እናትዎ ቁርስ በልታ በቴሌቪዥን ያየችው ጎርፍ እርስዎን እኩለ ሌሊት ላይ ይቀሰቅስዎታል። ቴክስት የሚባለው አጭር ጽሑፍ መስመሩ ሲጨናነቅ ከድምፅ ጥሪ ይልቅ ቀዳዳ ያገኛል፣ ባትሪም ብዙ አይበላም፤ ስለዚህ ወደ ውጭ ለሚላከው ወሬ ጽሑፍን፣ በከተማው ውስጥ ለእትዬ ለሚደረገው ክትትል ግን የድምፅ ጥሪን ብትመድቡ ባትሪያችሁ ይቆጠብላችኋል።

ወቅቱን ለእትዬ ሲነግሯቸው በራሳቸው አቆጣጠር ይንገሯቸው። የአትላንቲክ ሃሪኬን ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው፤ ይህም ከግንቦት 24 እስከ ኅዳር 21፣ በአጭሩ ከግንቦት ማለቂያ እስከ ኅዳር ጽዮን ማለት ነው። ወቅቱ ጫፍ የሚደርሰው ሴፕቴምበር 10 አካባቢ፣ ጳጉሜ 5 ላይ፣ ሰው ለእንቁጣጣሽ ዶሮ በሚያስብበት ዋዜማ ነው። በሂዩስተን ዙሪያ የደረሱትን ብናስታውስም ይኸው ይታያል፤ (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሪታ በ2005 የመታው መስቀል ሊብት ሦስት ቀን ሲቀረው ነበር፣ አይክ በ2008 ጋልቬስተን የገባው እንቁጣጣሽ ባለፈ በሁለተኛው ቀን ነበር፣ ሃርቪ በ2017 የደረሰው ፍልሰታ በተፈታ በሦስተኛው ቀን ነበር። ቤሪል ግን ሐምሌ 1 ቀን መጥቶ ብዙ ሰው ገና አልተዘጋጀሁም ሲል አገኘው። (እግረ መንገዴን ለልጆችዎ የሚነግሩት ነገር ልጨምር፤ ከእነዚህ ኃይለኛ አውሎ ነፋሶች አብዛኞቹ ከአፍሪካ ወደ አትላንቲክ ከሚሻገሩ የአየር ሞገዶች የሚነሡ ሲሆኑ፣ የአንዳንዶቹ ሞገዶች መነሻ እስከ ኢትዮጵያ ደጋዎች ድረስ ይዘልቃል። የክረምታችን ደመናና የእናንተ ነፋስ የሩቅ ዘመዳሞች ናቸው።)

በቴሌቪዥን ከሚነገረው ውስጥ ሰውን ይበልጥ የሚያታልለው የደረጃው ቁጥር ነው። ከ1 እስከ 5 ያለው ደረጃ የሚለካው የነፋሱን ፍጥነት ብቻ ነው፤ 1 በሰዓት ከ119 ኪሎ ሜትር ይጀምራል፣ 5 ከ252 በላይ ነው። ምን ያህል ዝናብ እንደሚጥል፣ ባሕሩ ምን ያህል ወደ የብስ እንደሚገፋ፣ መብራት ለስንት ቀን እንደሚጠፋ ቁጥሩ አይናገርም። ቤሪል የገባው በዝቅተኛው ደረጃ ነበር፤ ሆኖም በሂዩስተንና በአካባቢው ከሁለት ሚሊዮን በላይ የኤሌክትሪክ ደንበኞች መብራት አጡ፣ አንዳንዶቹም ከሳምንት በላይ ቆዩ፣ ከዚያም ላይ የሐምሌ ሙቀት መጣ። ሃርቪ ደግሞ ሮክፖርት አጠገብ በደረጃ 4 ከገባ በኋላ ነፋሱ ፈጥኖ ቢደክምም፣ ዝናቡ ለቀናት አልሄድ ብሎ ኔደርላንድ በተባለች የቴክሳስ ከተማ ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ጣለ፤ በቴክሳስ በቀጥታ በአውሎ ነፋሱ ከሞቱት 68 ሰዎች መካከል ከሦስቱ በቀር ሁሉንም የገደላቸው የዝናቡ ጎርፍ ነው። ስለዚህ «ደረጃ 1 ነው ተብሏል፣ ዘንድሮ መደወል አያስፈልግም» የሚል ሐሳብ በቡድናችሁ ውስጥ እንዳይገባ ይጠንቀቁ። በትንበያው ላይ የሚታየው የኮን ቅርጽ ያለው ሥዕልም እንዲሁ ነው፤ የሚያሳየው የነፋሱ ማዕከል ሊያልፍበት የሚችለውን ቦታ ነው፣ ከሦስት ጊዜ በአንዱ ገደማ ማዕከሉ ራሱ ከሥዕሉ ይወጣል፣ ዝናቡና ነፋሱማ ሁልጊዜም ከሥዕሉ ርቀው ይደርሳሉ።

በስልክ ላይ እየጮኸ የሚመጣው ማስጠንቀቂያ በእንግሊዝኛ ሲሆን ለእትዬ ጩኸት ብቻ ነው። ይህን መተርጎም የእርስዎ የመጀመሪያው ጥሪ ይሁን። «ሃሪኬን ዋች» ከተባለ ነፋሱ ሊደርስ ይችላል ማለት ነው፤ የሚወጣውም አደገኛው ነፋስ ይጀምራል ተብሎ ከሚገመትበት 48 ሰዓት ያህል ቀድሞ ነው። «ሃሪኬን ዎርኒንግ» ከተባለ ይደርሳል ተብሎ ይጠበቃል፣ 36 ሰዓት ያህል ቀርቷል። በመጀመሪያው ጊዜ መድኃኒት ይቆጠራል፣ ስልክ ይሞላል፣ የሚመጣ ሰው ካለ ይመጣል፤ በሁለተኛው ጊዜ ሁሉም ሰው በሚያድርበት ቤት መሆን አለበት።

አሁን ወደ ዝግጅቱ እንሂድ። ነፋሱ ሦስት ቀን ሲቀረው ወደ ገበያ መሮጥ «ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» እንደሚባለው ነው፤ በዚያ ሰዓት ውሃ ከመደርደሪያው ላይ የለም፣ የቤንዚን ወረፋውም መንገድ ይዘጋል። ለአንድ ሰው ለአንድ ቀን አንድ ጋሎን፣ ማለትም 3.8 ሊትር ያህል ውሃ ይታሰባል፤ ለእናንተ ለአራታችሁ ለሰባት ቀን 28 ጋሎን ይሆናል። በየሳምንቱ ከሱፐርማርኬት ሁለት ሁለት ጋሎን እየጨመሩ ቢያስቀምጡ ኪስዎ ሳይሰማው ይሞላል። ምግብን በሚመለከት እኛ ሐበሾች ሳናውቀው የተዘጋጀን ነን፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣ፣ ጭኮ ሁሉም እሳትም ፍሪጅም አይጠይቁም። እንጀራ ግን ኤሲ በሌለበት የሂዩስተን ቤት በሁለት በሦስት ቀን ይሻግታልና አስቀድሞ ማድረቅ ነው። ለእትዬ በሶና ዳቦ ቆሎ ብቻውን ስኳራቸውን ከፍ ያደርገዋል፤ የታሸገ ባቄላ፣ ቱናና ለውዝ ይጨምሩላቸው። ፍሪጅ በሩ ካልተከፈተ አራት ሰዓት ያህል ምግብ ይጠብቃል፤ የሞላ ፍሪዘር 48 ሰዓት፣ በግማሽ የሞላ 24 ሰዓት። ከዚያ በኋላ ለበዓል የተቀመጠው ሥጋም ቢሆን ይጣላል፤ እንደሚያሳዝን አውቃለሁ።

ከሁሉ በላይ ግን ለእኛ ቤት የሚያሰጋኝ ከሰሉ ነው። መብራት ጠፍቶ፣ ነፋሱ አልፎ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ መስኮቱ በጣውላ ተዘግቶ «ቡና እናፍላ» ይባላል። ምድጃው ሳሎን ይገባል። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የዕጣኑ ጢስ ደግሞ ሰው «ጢሱን እያየሁት ነው፣ እከፍትለታለሁ» ብሎ እንዲዘናጋ ያደርገዋል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሲጀምር «ቡና ስላልጠጣሁ ነው» እየተባለ ይታለፋል። በአገራችን በዝናብ ሌሊት ከሰል አንድደው ተኝተው ያልነቁ ሰዎችን ወሬ ያልሰማ የለም። ጄኔሬተርም ከዚህ አይለይም፤ በጋራዥ፣ በበረንዳ ወይም በመስኮት ሥር አይነሣም፣ ከበርና ከመስኮት ቢያንስ ስድስት ሜትር መራቅ አለበት። በ2020 ሎራ የተባለው ሃሪኬን ሉዊዚያናን ሲመታ የጄኔሬተር ጭስ የገደላቸው ሰዎች የባሕሩ ውሃ ከገደላቸው በልጠዋል፤ በሂዩስተንም ከቤሪል በኋላ በዚሁ ጭስ የሞቱ ነበሩ። ስለዚህ ለእትዬም ለጓደኛዎም በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ መጠቆሚያ ገዝተው ይስጧቸው፤ ከሳጥን ውሃ ይልቅ የምመክርዎ ስጦታ ይህ ነው። ለመብራት የእጅ ባትሪና መለዋወጫ የባትሪ ድንጋይ ይበቃል፤ ጧፍና ሻማው ለጸሎት ይቆይ።

ስለ ኢንሱሊን እትዬ የፈሩት ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ግን መውጋት መተዋቸው ከሙቀቱ የባሰ አደጋ ነበር። አብዛኛው ኢንሱሊን ከ15 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለ ሙቀት ያለ ፍሪጅ እስከ 28 ቀን ሊያገለግል ይችላል። መብራት በሌለበት የሐምሌ ቤት ከ30 ማለፉ ስለማይቀር፣ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ወይም በማቀዝቀዣ ሣጥን ውስጥ በረዶውን ሳይነካ መቀመጥ አለበት፤ ከቀዘቀዘ አልፎ በረዶ ከሆነ አይሠራም። የእሳቸው ዓይነት ምን እንደሚፈቅድ ከሐኪማቸው ወይም ከፋርማሲያቸው ጋር በአሁኑ ጊዜ አብራችሁ ጠይቁና በአማርኛ ጽፈው ይስጧቸው። ቴክሳስ በአደጋ ጊዜ ርዳታ የሚያስፈልጋቸውን ሰዎች የሚመዘግብበት ስቲር የተባለ መዝገብ አለው፤ 211 ደውለው አብረዋቸው ያስመዝግቧቸው፣ በየዓመቱም መታደስ አለበት። መመዝገብ ሰው ይመጣል የሚል ዋስትና አይደለም፤ የእርስዎን ጥሪ አይተካም።

የጨቅላዋ እናት ጉዳይ ሌላ ዓይነት ነው። እሷን የሚያሰጋት የባሏ ሥራ ነው። በሂዩስተን ውሃ አስቀድሞ የሚሞላው ከሀይዌይ ሥር ያሉትን ማለፊያዎችና ፊደር የሚባሉትን የዳር መንገዶች ነው፤ ኡበር ነጂው ደግሞ ሌሊት ስልኩ በዚያ በኩል ሂድ ይለዋል። 30 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ውሃ ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል፤ 60 ሴንቲ ሜትር የሚፈስ ውሃ አብዛኛውን መኪና ይዞ ይሄዳል። የመንገዱን ሁኔታ ሂዩስተን ትራንስታር በተባለው ድረ ገጽ ላይ ማየት ይችላል፤ ግን እውነቱን ለመናገር በዚያች ሌሊት የሚገኘው ገንዘብ ከመኪናው ዋጋ ጋር አይወዳደርም፣ ይህንንም ባለቤትዎ እንደ ወንድም ቢነግረው ከእርስዎ ይልቅ ይሰማዋል። ለሕፃኑ በውሃ መበጥበጥ የማያስፈልገው ፈሳሽ የሕፃናት ወተት ያስቀምጡ። ፓስፖርታቸው፣ ግሪን ካርዳቸውና የልጁ የልደት ወረቀት ውሃ በማያስገባ ፕላስቲክ ይታሸግ፤ ፎቶውም ተነሥቶ ለእህትዎ ይላክ። አዲስ መጪዎች የማያውቁት አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ የተለመደው የተከራይ ወይም የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍን አይሸፍንም፣ የፌዴራሉ የጎርፍ ኢንሹራንስ ደግሞ ከተገዛ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ 30 ቀን ካላለፈው አይሠራም። ምድር ቤት የሚኖር ሰው ይህን በሜይ ውስጥ ማሰብ አለበት።

መሸሽ ወይስ መቆየት የሚለው ክርክር በቡድናችሁ ውስጥ ሲነሣ የሪታን ነገር አስታውሱ። ካትሪና ኒው ኦርሊንስን ካጠፋች ገና አንድ ወር ሳይሞላ ስለነበር ሂዩስተን ሁሉ በአንድ ጊዜ መንገድ ወጣ፤ በዚያ ሽሽት መንገድ ላይ፣ በሙቀትና በአደጋ፣ 100 ገደማ ሰዎች ሞቱ። የሚሸሸው ከባሕር የሚገፋው ውሃ ሊደርስበት በሚችለው ዞን ውስጥ ያለና ውጣ የተባለ፣ ወይም ቤቱ ጎርፍ የሚገባበት ሰው ነው። ከዚያ ውጪ ያለ ሰው ብዙውን ጊዜ ጥቂት ማይል ርቆ፣ ከፍ ያለ ቦታ ወዳለ ጠንካራ የወዳጅ ቤት ቢዛወር ይበቃዋል። ስለዚህ እትዬን «ቢቸግርዎ ይደውሉ» አይበሏቸው፤ አይደውሉም። «ዋች ከወጣ ሰዓት ጀምሮ የልጆቹ ክፍል የእርስዎ ነው፣ ባለቤቴ አምስት ሰዓት ላይ መጥቶ ይወስድዎታል» ይበሏቸው።

ነፋሱ ካለፈ በኋላ ያለውን ጊዜ ብዙ ሰው ያቃልለዋል። ጥሪው በጣም የሚበዛው ነፋሱ በሚመታበት ሌሊት ነው፤ በሦስተኛው ቀን ይቀንሳል፣ በአምስተኛው ቀን ይቆማል፤ ሙቀቱና መድኃኒት ማለቁ ግን ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ይበረታል። በዚህ ላይ መብራት ለሁሉም በአንድ ጊዜ አይመጣም፤ የእርስዎ ቤት ተመልሶ ከመንገዱ ማዶ ጨለማ ሊሆን ይችላል፣ የእርስዎ ኤሲ ሲነሣ ሁሉም ሰው የተነሣለት ይመስልዎታል። ጥሪውን የእርስዎ ሳይሆን የእሳቸው መብራት እስኪመለስ፣ ፍሪጃቸው እስኪጸዳና መድኃኒታቸው እስኪተካ ድረስ ይቀጥሉ። መብራቱ ከዘገየ ከተማው ሰው የሚቀዘቅዝባቸው ማዕከላትን ይከፍታል፤ የት እንዳሉ 311 ወይም 211 ጠይቀው ራስዎ ይዘዋቸው ይሂዱ፣ አድራሻ መላክ ብቻውን ለእሳቸው አይጠቅምም።

ቀሪው የእትዬ ፊት ነው። ይህ በስልክ አይሆንም። ወቅቱ ሳይገባ ልጆቹን ሳይይዙ ብቻዎን ይሂዱና ቡናው ከተፈላ በኋላ አንዴ፣ ሳያበዙ፣ «ያን ጊዜ ደህና ነኝ ሲሉኝ መጥቼ ማየት ነበረብኝ፤ ይቅር ይበሉኝ» ይበሏቸው። ሥራ በዝቶብኝ ነበር፣ ልጆቹ ታመው ነበር የሚል ማብራሪያ አይጨምሩ። እሳቸው «ምን አድርገሽኝ!» ማለታቸው አይቀርም፤ በዚህ አይርኩ፣ ወሬውን ወደ ዘንድሮው ዕቅድ ያዙሩት። ከዕቅዱም ውስጥ ለእሳቸው የሚሆን ሥራ ይስጧቸው፤ ሁልጊዜ ተጠያቂ መሆን ሽማግሌን ያሳፍራል። ጨቅላ የያዘችው ጓደኛዎ እናቷ አጠገቧ የለችም፣ እትዬ ደግሞ ልጅ ያሳደጉ ናቸው፤ በየማለዳው ለእሷ የሚደውሉት እትዬ ይሁኑ፣ ለእትዬ የሚደውሉት እርስዎ፣ ለእርስዎ ደግሞ እሷ። በዚህ መንገድ ከሦስታችሁ አንዷ ዝም ብትል በግማሽ ቀን ውስጥ ይታወቃል። ከዚያ ቁልፍ ይጠይቋቸው። ከሰጡዎት በዚያው ቀን አስቀርጸው፣ ከመሄድዎ በፊት እዚያው በራቸው ላይ ይሞክሩት፤ አዲስ የተቀረጸ ቁልፍ አንዳንድ ጊዜ አይከፍትም።